ጨዋታው ሲቆራረጥ ጥፋቱ የማን ነው? የቤት ኢንተርኔትን ከቅርብ ወደ ሩቅ መመርመር

ከእራት በኋላ ነው። እናታችን ሳሎን ተቀምጠው ጎንደር ካለችው እህታቸው ጋር በዋትሳፕ ያወራሉ። እህታችን በመኝታ ክፍሏ የዙም ትምህርት ትከታተላለች። የ15 ዓመቱ ታናሽ ወንድማችን ማማድ ውስጥ በሩን ገጥሞ ፎርትናይት ይጫወታል። ድንገት ከማማዱ ጩኸት ይሰማል፦ «ተቋረጠ! እንደገና ተቋረጠ!» እናታችን ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ «ይህ ጨዋታ ልጄን አሳበደው» ይላሉ። እሱ ደግሞ «ጨዋታው አይደለም፣ ኢንተርኔቱ ነው» ብሎ ይመልሳል። እናታችን አያምኑትም፤ የእሳቸው ዋትሳፕ ደህና እየሠራ ነውና።

ይህ ጠብ ቤር ሸቫ በሚገኘው ቤታችን ለወራት ቆየ። በመካከሉ አንድ የኢንተርኔት ሻጭ ስልክ ደወለ። በዕብራይስጥ ፈጠን ፈጠን ብሎ ተናገረ፣ ወንድማችን አስተረጎመ፣ እናታችንም ለልጃቸው ሲሉ «እሺ» አሉ። ፍጥነቱ በወረቀት ላይ አምስት እጥፍ ሆነ፣ የወሩ ሒሳብም ከፍ አለ፣ ጨዋታው ግን እንደ በፊቱ ይቆራረጥ ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ ከፋ። እናታችን «ዋሽቶ ገንዘቤን አስወጣኝ» አሉ። እሱም የሚያምነው ሰው አጣና ዝም አለ።

እኛ ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የመጀመሪያዎቹ ነን፤ የምንማረውም ማኅበራዊ ሥራ እንጂ ኮምፒውተር አይደለም። ነገር ግን ወደ አንድ ቤተሰብ ስንገባ «ጥፋተኛው ማን ነው?» ብለን እንዳንጀምር ተምረናል። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ሆነ? መቼ? የት? በዚያ ሰዓት ማን ምን ያደርግ ነበር?» የሚለው ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ወደ ራውተሩ ስናዞራቸው መልሱን አንድ ማታ ላይ አገኘነው። በዚህ ጽሑፍ ያንን መንገድ በቅደም ተከተል እናሳያለን፤ ማንኛውም ቤተሰብ ገንዘብ ከመጨመሩ በፊት ሊሞክረው ይችላል።

ስፋት ሌላ፣ ደርሶ መልስ ሌላ

የኢንተርኔት ኩባንያ የሚሸጥልን «ፍጥነት» በሜጋ ቢት ይቆጠራል፤ 100፣ 500፣ 1,000 ይባላል። ይህ ቁጥር የሚነግረን የመንገዱን ስፋት ነው፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ምን ያህል ጭነት ሊያልፍ እንደሚችል። ፊልም ለማየት ወይም ትልቅ የጨዋታ ማሻሻያ ለማውረድ ሰፊ መንገድ ይጠቅማል።

ጨዋታው ራሱ ግን ብዙ ጭነት የለውም። ልጁ ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ትንሽ መልእክት ወደ ጨዋታው ዋና ኮምፒውተር፣ ማለትም ወደ ሰርቨሩ፣ ይሄዳል፤ መልሱም ይመለሳል። ይህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ሁሉም ተደምሮ ግን አብዛኛውን ጊዜ 1 ሜጋ ቢት እንኳ አይሞላም። ለጨዋታ የሚያስፈልገው መልእክተኛው ቶሎ ደርሶ ቶሎ መመለሱና በመንገድ አለመጥፋቱ ነው። አንድ ፈረሰኛ መንገዱን አምስት እጥፍ ስላሰፋንለት አምስት እጥፍ አይፈጥንም። እናታችን የገዙት ስፋት ነበር፤ የጎደለው ግን ሌላ ነገር ነበር።

ደርሶ መልሱ የሚወስደው ጊዜ «ፒንግ» ይባላል፤ የሚለካውም በሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺኛ ነው። በጨዋታ ላይ የሚታዩት ችግሮች ሦስት ናቸው።

አንደኛው፣ ፒንጉ ሁልጊዜ ረጅም መሆኑ ነው። ከ50 በታች በጣም ጥሩ ነው፤ እስከ 100 ለአብዛኛው ጨዋታ ይበቃል፤ ከ150 ሲያልፍ የተኩስ ጨዋታ ይከብዳል።

ሁለተኛው፣ ፒንጉ መዋዠቁ ነው። አንዴ 40፣ አንዴ 300 ይሆናል። ልጆቹ «ላግ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይህንን ነው። ተጫዋቹ ቆሞ ይቀርና ድንገት ሌላ ቦታ ብቅ ይላል።

ሦስተኛው፣ መልእክቱ ጭራሽ ሳይደርስ መቅረቱ ነው። ይህ ሲበዛ ጨዋታው ተጫዋቹን ያስወጣዋል።

ፊልም እነዚህን ችግሮች ይደብቃል፤ ቀጣዩን ክፍል አስቀድሞ ስለሚያከማች መንገዱ ለጥቂት ሰከንድ ቢዘጋም አይታወቅበትም። ጨዋታ ግን ገና ያልተደረገን ነገር አስቀድሞ ሊያከማች አይችልም። ስለዚህ «ቴሌቪዥኑ እየሠራ ኢንተርኔቱ እንዴት ተበላሸ?» የሚለው የወላጅ ጥያቄ ተገቢ ቢሆንም፣ ልጁ ዋሽቷል ማለት አይደለም።

ሦስት የመንገድ ክፍሎች

መልእክቱ የሚሄድበትን መንገድ በሦስት እንክፈለው። የመጀመሪያው ከልጁ መሣሪያ እስከ ቤቱ ራውተር ነው። ሁለተኛው ከራውተሩ ተነሥቶ በኩባንያው መስመር ወደ ውጭ ይወጣል። ሦስተኛው እስከ ጨዋታው ሰርቨር ድረስ ያለው ነው። ምርመራው ሁልጊዜ ከቅርቡ ይጀምራል፤ ቅርቡ በእጃችን ያለ፣ ያለ ክፍያም የሚስተካከል ነውና።

ዊንዶውስ ያለው ላፕቶፕ ውሰዱና ልጁ በሚጫወትበት ቦታ ላይ፣ በዚያው ዋይፋይ አገናኙት። በመፈለጊያው ላይ «ሲ»፣ «ኤም»፣ «ዲ» የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ጽፋችሁ ጥቁሩን መስኮት ክፈቱ። ከዚያ «ፒንግ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፣ ክፍተት ተዉ፣ የራውተሩን ቁጥር አስገቡ፣ እንደገና ክፍተት ትታችሁ ሰረዝና «ቲ» ጨምሩ። የራውተሩ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ በአገራችን 10.0.0.138 ወይም 192.168.1.1 የተለመዱ ናቸው። መስመሮቹ እየተከታተሉ ይወርዳሉ። ሁለት ደቂቃ ጠብቁና «ኮንትሮል»ን ከ«ሲ» ጋር ተጭናችሁ አቁሙት። ላፕቶፕ ከሌለ ይህንኑ የሚሠሩ ነጻ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ።

ቀጥሎ ያንኑ ሙከራ በ8.8.8.8 ድገሙት። ይህ የጉግል አድራሻ ነው፤ መልእክቱ ከቤት ወጥቶ መመለሱን ያሳያል።

አሁን ሁለቱን ውጤቶች አስተያዩ።

ወደ ራውተሩ የሚሄደው ፒንግ የሚዋዥቅ ወይም የሚጠፋ ከሆነ፣ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው። ኩባንያው ምንም ቢሸጥላችሁ አይፈታውም።

ወደ ራውተሩ የተስተካከለ ሆኖ ወደ 8.8.8.8 የሚዋዥቅ ከሆነ፣ ወይ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው መስመሩን ሞልቶታል፣ ወይ የኩባንያው መስመር ታሟል።

ሁለቱም የተስተካከሉ ሆነው ጨዋታው ብቻ የሚንቀራፈፍ ከሆነ፣ ነገሩ ያለው ከሰርቨሩ ጋር ነው።

እኛ ቤት ይህን ስንሠራ ወንድማችን ላፕቶፑን ያዘ፣ እናታችን ወረቀትና እርሳስ ያዙ። እናታችን ፊደል የቆጠሩት ኡልፓን ገብተው ነው፤ ቁጥር ግን አያመልጣቸውም። በማማዱ ውስጥ ወደ ራውተሩ የተላከው መልእክት አንዴ በ3፣ አንዴ በ90፣ አንዴ በ340 ሚሊ ሰከንድ ተመለሰ፤ አንዳንዱም ጠፋ። ላፕቶፑን ሳሎን አምጥተን በገመድ ስናገናኘው ሁሉም 1 ወይም ከ1 በታች ሆነ። እናታችን ወረቀቱን አዩና «እንግዲያው ልጁ እውነቱን ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ነበር።

የማማዱ ግድግዳ

እ.ኤ.አ. በ1991፣ ብዙ ወላጆቻችን በዘመቻ ሰሎሞን በመጡበት ዓመት፣ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ ከኢራቅ የተተኮሱ ሚሳኤሎች እስራኤል ላይ ወድቀው ነበር። ከዚያ በኋላ፣ ከ1992 ጀምሮ፣ አዲስ የሚሠራ ቤት ሁሉ የተጠናከረ ክፍል እንዲኖረው ተደነገገ። ግድግዳው ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በውስጡ ብረት የተጠላለፈበት ኮንክሪት ነው፤ በሩና የመስኮቱ መዝጊያ ብረት ናቸው። ለሕይወት የተሠራው ይህ ክፍል ለዋይፋይ ግን እንደ ተዘጋ ሣጥን ነው። በብዙ ቤት ደግሞ ማማዱ የልጆች መኝታ ክፍል ነው፤ ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ኢንተርኔት ብዙ የሚጠቀመው ልጅ ኢንተርኔት በደንብ በማይገባበት ክፍል ይቀመጣል። ማማድ በሌላቸው የድሮ ሕንፃዎች የሚኖሩ ቤተሰቦች ይህ አያገኛቸውም፤ እነሱን የሚያስቸግራቸው የጎረቤቶች ዋይፋይ መደራረብ ነው።

መፍትሔዎቹን ከርካሹ እንጀምር።

የራውተሩን ቦታ ቀይሩ። እኛ ቤት ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ በብርጭቆ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጦ ነበር። ዳንቴሉ ሞገዱን አያግደውም፤ ነገር ግን ራውተሩን ያሞቀዋል፣ የሞቀ ራውተር ደግሞ ይሳሳታል። ሞገዱን የሚያዳክሙት የቴሌቪዥኑ ብረት፣ ቁም ሣጥኑና መስተዋቱ ናቸው። ራውተሩ ከፍ ብሎ፣ ገላጣ ቦታ ላይ፣ በተቻለ መጠን ከማማዱ በር ትይዩ ይቀመጥ።

ሁለቱን የዋይፋይ ዓይነቶች ለዩ። አብዛኛው ራውተር 2.4 ጊጋ ኸርዝና 5 ጊጋ ኸርዝ የሚባሉ ሁለት ሞገዶች ይልካል። 5 ፈጣንና ጸጥ ያለ ነው፤ ግን ግድግዳ ያስቆመዋል። 2.4 ግድግዳን ይሻላል፤ ግን ይጨናነቃል፤ ማይክሮዌቭም ይረብሸዋል። ራውተሩ ባለበት ክፍል የሚጫወት 5ን ይምረጥ፤ ከግድግዳ ጀርባ ያለ ሁለቱንም በፒንግ ሞክሮ የተረጋጋውን ይያዝ። ጎረቤት በበዛበት ሕንፃ ለ2.4 ከ1፣ ከ6 እና ከ11 ቻነሎች ነጻ የሆነውን መምረጥ ይረዳል።

ገመድ ዘርጉ። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። «ካት 5 ኢ» የተባለው ተራ የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ 1,000 ሜጋ ቢት ያሳልፋል፤ ለማንኛውም ቤት ይበቃል። ማማድ ላይ ግን መጠንቀቅ አለባችሁ፦ ግድግዳውን አትብሱ፤ በሩ በሚገጥምበት ጎማ ላይም ቋሚ ገመድ አታሳልፉ። የበሩ መዘጋት ከጨዋታ ይበልጣል። ይልቁን በማማዱ ግድግዳ ላይ የድሮ የስልክ ወይም የቴሌቪዥን ሶኬት ካለ ፈልጉ፤ ከጀርባው ቀድሞ የተዘረጋ ቱቦ ሊኖር ይችላል። እኛ ቤት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነ አጎታችን በዚያ ቱቦ ገመዱን ሳበው። በጫፉም ማማድ ውስጥ ትንሽ የዋይፋይ ማሰራጫ አስገባን።

ይህ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ሳይረን ሲጮህ ሁላችንም የምንገባው እዚያው ክፍል ነው። በሩ ሲዘጋ የስልክ ኔትወርክም ይደክማል። የፒኩድ ሃዖሬፍን መልእክት የምናነበው፣ አያታችን መጠለያ መድረሳቸውን የምንጠይቀው፣ ከጎንደር ለሚደውሉት «ደህና ነን» የምንለው ከዚያ ውስጥ ነው። ወንድማችን በየማታው «እዚህ ክፍል ውስጥ ኢንተርኔት የለም» እያለ ሲጮህ፣ ለካስ ለቤቱ ሁሉ የሚጠቅም ነገር እየነገረን ነበር።

መስመሩን የሞላው ማን ነው?

በብዙ መስመር ላይ ወደ ውጭ የሚልከው መንገድ ወደ ቤት ከሚያመጣው በጣም ይጠብባል፤ በተለይ ገና ፋይበር ባልገባባቸው ቤቶች። አንድ ስልክ የሰርጉን ቪዲዮ በሙሉ ወደ ክላውድ መጫን ከጀመረ ያ ጠባብ መንገድ ይሞላል። የጨዋታው ትንሽ መልእክትም ከትልልቁ ጭነት ኋላ ሰልፍ ይይዛል። የእህታችን ዙምም እንዲሁ ይጎዳል።

የሰንበት መውጫ ሰዓትን ልብ በሉ። ሰንበት የሚያከብር ቤተሰብ ከዓርብ ማታ ጀምሮ መሣሪያዎቹን ያጠፋል። ቅዳሜ ማታ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይበራሉ፦ ስልኮቹ ያልደረሷቸውን ፎቶዎች ያወርዳሉ፣ የጨዋታ መሣሪያው ብዙ ጊጋ ባይት ማሻሻያ ይጀምራል፣ ላፕቶፑም ራሱን ያድሳል። ልጁ ደግሞ ጓደኞቹን ለማግኘት የሚቸኩለው በዚያው ሰዓት ነው። ማሻሻያዎቹ ሰው ተኝቶ ሳለ እንዲሠሩ፣ የፎቶ መጫኑም ወደ ሌሊት እንዲዛወር አድርጉ። ብዙ ራውተሮች «ኪው ኦ ኤስ» የሚባል ማስተካከያ አላቸው፤ ለጨዋታና ለዙም ቅድሚያ ይሰጣል።

ጨዋታው እየሠራ የጓደኛ ድምፅ ብቻ የማይሰማ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በፕሌይስቴሽን ወይም በኤክስቦክስ የኔትወርክ መሞከሪያ ላይ «ናት» የሚለውን ተመልከቱ። ጥብቅ ከሆነ፣ ምናልባት ሁለት ራውተሮች በተከታታይ ተገናኝተው ይሆናል፤ አንዱን «ብሪጅ» ወደሚባለው አሠራር አዙሩት፣ በሌላውም «ዩ ፒ ኤን ፒ» የሚለውን ክፈቱ።

ርቀትን ማንም አያሸንፈውም

ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊ ሰከንድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከቤር ሸቫ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ደርሶ መልሱ በምንም ዓይነት ፓኬጅ ከ30 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊወርድ አይችልም። ገመዱ ባሕር ዞሮ ስለሚሄድ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። በጨዋታው ማስተካከያ ውስጥ «አውሮፓ» እና «መካከለኛው ምሥራቅ» የሚሉ ምርጫዎች ካሉ ሁለቱንም ሞክሩ፤ በካርታ ቅርብ የሆነው በገመድ ቅርብ ላይሆን ይችላል።

ከኢትዮጵያ ካለ የአጎት ልጅ ጋር የሚጫወቱም ይህን ይወቁ። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ኢንተርኔቷ መጀመሪያ በየብስ ወደ ጅቡቲና ወደ ሌሎች ጎረቤቶች ሄዶ ነው የባሕር ገመድ የሚያገኘው። በዚያ መንገድ የሚመጣ መዘግየት የልጆቹ ጥፋት አይደለም። ተራ በተራ የሚሄዱ ጨዋታዎች፣ ለምሳሌ ቼዝ፣ ለእንዲህ ያለ ርቀት ይመቻሉ።

ወደ ኩባንያው ስንደውል

በገመድ ተገናኝታችሁ፣ ሌሎች መሣሪያዎችን አጥፍታችሁ፣ ራውተሩን ለ30 ሰከንድ ነቅላችሁ መልሳችሁም ወደ 8.8.8.8 የሚሄደው የሚዋዥቅ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ደውሉ። የሞከራችሁበትን ቀን፣ ሰዓትና ቁጥር በወረቀት ያዙ። ቴክኒሺያኑን የሚያሳምነው ይህ ነው።

ሕጉንም እንወቅ። በሸማቾች ጥበቃ ሕግ መሠረት የኢንተርኔት ኩባንያ ለብልሽት፣ ለሒሳብ ጥያቄ ወይም ለማቋረጥ ስንደውል በ6 ደቂቃ ውስጥ ሰው እንዲያነጋግረን ግዴታ አለበት። በስልክ የተደረገ ውል በ14 ቀን ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል። ዕድሜያቸው 65 የሞላ፣ አካል ጉዳት ያለባቸው፣ ወይም ከመጡ 5 ዓመት ያልሞላቸው አዲስ ገቢዎች፣ ከሻጩ ጋር በንግግር የተዋዋሉትን እስከ 4 ወር ድረስ መሰረዝ ይችላሉ። የተጠቀሙበትና አነስተኛ የስረዛ ክፍያ ሊታሰብባቸው ይችላል። ይህን ለአያቶቻችን ማስረዳት የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በስልክ ላይ «እሺ» ለማለት አንቸኩል። ልጅ ማስተርጎም ይችላል፤ ውሉን መወሰን ግን የእሱ ሸክም መሆን የለበትም። እነዚህን የዕብራይስጥ ዓረፍተ ነገሮች ስልኩ አጠገብ ለጥፉ፦

«ቲሽሌሑ ሊ ኤት ሃሃጻዓ ቢኽታቭ» — ያላችሁትን በጽሑፍ ላኩልኝ።
«ዬሽ ሊ ኒቱኪም ባኢንተርኔት» — ኢንተርኔቴ ይቆራረጣል።
«ባዳክቲ ጋም ኢም ኬቬል» — በገመድም ሞክሬዋለሁ።
«አኒ ሮጻ ሌቫቴል ኤት ሃዒስካ» — ውሉን መሰረዝ እፈልጋለሁ። ወንድ ሲናገር «ሮጻ» በሚለው ፈንታ «ሮጼ» ይላል።

እናታችን የ14 ቀኑ ጊዜ አልፏቸው ነበር። ቢሆንም ራሳቸው ደውለው፣ ወንድማችን አጠገባቸው ተቀምጦ፣ ወደ ቀድሞው ፓኬጅ መለሱት። ጨዋታው አሁን በዚያው በአነስተኛው ፍጥነት ይሠራል። ወንድማችን አሁንም ይጮኻል፤ የሚጮኸው ግን ሲሸነፍ ነው። እናታችንም «እሱን እንኳ በገመድ አታስተካክሉትም» ይሉናል።

ለማስታወስ፣ በቅደም ተከተል፦

1. የት ክፍል፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ምን ሲያደርግ እንደሆነ ጻፉ።
2. ወደ ራውተሩ ፒንግ፤ ቀጥሎ ወደ 8.8.8.8።
3. ያንኑ በገመድ ድገሙና አወዳድሩ።
4. የራውተሩን ቦታ ቀይሩ፤ ገመድ ዘርጉ፤ የማማዱን ግድግዳና በር ግን አትንኩ።
5. ማሻሻያዎችን ወደ ሌሊት አዛውሩ።
6. ችግሩ ከቤት ውጭ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ደውሉ።
7. ፓኬጅ መጨመር የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ አይሁን።